የአቴንስ ሸንጎ በክፍል ውስጥ፦ የጥንት ታሪክ ማስተማሪያ ጨዋታዎች ሲመዘኑ

ለታሪክ ክፍል የተዘጋጀን ጨዋታ ለመመዘን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ የጨዋታው ሕግ ተማሪውን ያስጨንቀዋል ወይ? ጭንቀት ስንል የፈተና ውጤት ጭንቀት አይደለም። የጥንቱን ሰው እንቅልፍ የነሣው ምርጫ ተማሪውም ፊት ተደቅኖ፣ ይህን ቢይዝ ያንን እንደሚለቅ ገብቶት፣ እጁን ለማውጣት ሲያመነታ ማለታችን ነው። ይህ ከሌለ አንሶላ ተከናንቦ «እኔ ግሪካዊ ነኝ» ማለት ጥሩ ቲያትር ሊሆን ይችላል፤ የታሪክ ትምህርት ግን አይሆንም። በዚህ ሚዛን ሦስት ነገሮችን እናያለን፤ አንዱን በሰፊው፣ አንዱን በአጭሩ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ማንም መምህር በወረቀትና በሁለት ዳይስ ሊሠራው በሚችልበት መንገድ።

በሰፊው የምናየው «ሪአክቲንግ ቱ ዘ ፓስት» ከሚባለው የክፍል የሚና ጨዋታዎች ተከታታይ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ403 የነበረችውን አቴንስ የሚያነሣው ጨዋታ ነው። ተከታታዩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኒው ዮርክ በሚገኘው በርናርድ ኮሌጅ ሲሆን፣ የአቴንሱ ጨዋታ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ሰሌዳና ጠጠር አይፈልግም። ለተማሪው አንድ መጽሐፍና የግሉ የሆነ የሚና ወረቀት፣ ለመምህሩ ደግሞ መመሪያ አለው፤ በቃ። መጽሐፉ የዘመኑን ታሪክ፣ የሸንጎውን ሥርዓትና የጥንት ጽሑፎችን ይይዛል፤ ከእነዚህም ዋናዎቹ ከፕላቶ «ሪፐብሊክ» የተወሰዱ ክፍሎችና ታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ የመዘገበው፣ የአቴንስ መሪ ፔሪክለስ በጦር ሜዳ ለወደቁት ያደረገው ንግግር ናቸው። የሚና ወረቀቱ ተማሪው ማን እንደሆነ፣ ከማን ጎራ እንደቆመና ምን ቢያስፈጽም እንዳሸነፈ እንደሚቆጠርለት ይነግረዋል። ይህን ወረቀት ሌላ ተማሪ ማየት የለበትም።

ዓመቷ በደንብ የተመረጠች ናት። ከስፓርታ ጋር በ431 የተጀመረው ጦርነት ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ404፣ በአቴንስ ሽንፈት አብቅቷል። ከተማዋን ከወደቧ የሚያገናኙት ረጃጅም ግንቦች ፈርሰዋል፤ ከጥቂቶች በቀር መርከቦቿን አስረክባለች። በስፓርታ ድጋፍ ሥልጣን የያዙት «ሠላሳዎቹ»፣ በአርስቶትል ስም የሚታወቀው «የአቴናውያን ሥርዓተ መንግሥት» እንደሚለው፣ ከ1,500 የማያንሱ ሰዎችን ገድለዋል። የዴሞክራቶቹ መሪ ትራሲቡለስ 70 ያህል ሰዎች አስከትሎ ፊሌ የተባለውን ምሽግ ያዘ፤ ኃይሉ ሲበረታ ወደ ፒሬየስ ወደብ ወረደ፤ ሙኒኪያ ኮረብታ ላይ በተደረገው ውጊያም የሠላሳዎቹ መሪ ክሪቲያስ ወደቀ። ጨዋታው የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። የሟች ወንድምና ያ ወንድም ሲወሰድ ዝም ብሎ ያየ ጎረቤት እዚያው ሸንጎ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል።

በዋናነት አራት ጎራዎች አሉ። ጽኑዎቹ ዴሞክራቶች የትራሲቡለስ ሰዎች ናቸው። ለዘብተኞቹ ዴሞክራቶች ሕዝቡ ይግዛ ይላሉ፣ ግን ልጓም ይበጅለት ባዮች ናቸው። ሦስተኛዎቹ ሥልጣን ሀብትና ትውልድ ባላቸው ጥቂቶች እጅ ቢሆን ይሻላል የሚሉ ሲሆኑ፣ አራተኛዎቹ የፈላስፋው የሶቅራጥስ ተከታዮች ናቸው፤ ለእነርሱ አገርን በዕጣ ለወጣ ሰው መስጠት መርከብን መምራት ለማያውቅ እንደመስጠት ነው። ከእነዚህ ሌላ ጎራ የሌላቸው፣ ሰምተው የሚወስኑ ሚናዎች አሉ። የጨዋታው ነፍስ እነዚህ ጎራ የለሾቹ ናቸው፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ሥርዓቱ እንዲህ ይሄዳል። በየስብሰባው የሚመራው ሰው በዕጣ ይወጣል። አዋጅ ነጋሪው እንደ ጥንቱ «መናገር የሚፈልግ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ተናጋሪው ወደ ፊት ወጥቶ ይናገራል፤ ይጠየቃል፤ ድምፅ ይሰጣል። አጀንዳዎቹ ተከታታይ ናቸው፦ ላለፈው በደል ምሕረት ይደረግ ወይስ ፍርድ ይታይ፤ ዜግነት ለመጻተኞችና ለባሮች ይሰጥ ወይስ ይጥበብ፤ ሸንጎ ለሚመጣ ድሃ አበል ይከፈል ወይስ አይከፈል፤ አገር በዕጣ በወጡ ሰዎች ትመራ ወይስ በተማሩ፤ የተፈረሰው ግዛት በጦር ይመለስ ወይስ ይቅር። በመካከል ሶቅራጥስ ሊከሰስ ይችላል። ሦስትና አራት ሳምንት የማይሰጥ ክፍል ይህን ሁሉ መያዝ አይችልም፤ ሁለቱን አጀንዳ መዝለል ግን ሁሉንም በሩጫ ከመንካት ይሻላል። የግዛት ጥያቄው ቢቀር ብዙም አይጎዳም። የምሕረቱ ክርክር ከቀረ ግን ጨዋታውን መግዛትም አያስፈልግም።

ይህ የምሕረት ክርክር ለብቻው መታየት ይገባዋል። ታሪኩ እንደሚነግረን አቴናውያን የመጨረሻ ውሳኔያቸው «ያለፈውን ክፉ ነገር ላለማንሣት» መማል ነበር። ከመሐላው ውጭ የቀሩት ሠላሳዎቹ፣ ፒሬየስን ያስተዳደሩት አሥሩ፣ የእስር ቤቱና የሞት ፍርድ ፈጻሚዎቹ አሥራ አንዱና ከሠላሳዎቹ በኋላ በከተማው ሥልጣን የያዙት አሥሩ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ስለ ሥራቸው ሒሳብ ከሰጡ መኖር ይችሉ ነበር። በጨዋታው ይህን የሚደግፍ ተማሪ ተነሥቶ «እንርሳ» ሲል ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ወዲያው ከወዲያኛው ጎራ አንዱ ይጠይቃል፦ የተወረሰ ቤቴስ? በቤቴ የሚኖረው ሰው አብሮኝ ይማላል? ከዚህ በኋላ ንግግሩ ከቃል ወደ ዝርዝር ይወርዳል። ቤት ይመለሳል፣ የቤት ዕቃስ? በእጁ የገደለና ጠቁሞ ያስገደለ እኩል ይታያሉ? መምህሩ በዚህ ሰዓት ዝም ይበል። ክርክሩ ሲያበቃ ግን አርኪኖስ የተባለው የዘመኑ ፖለቲከኛ ያደረገውን ይንገራቸው፤ ከስደት ከተመለሱት መካከል አንዱ መሐላውን አፍርሶ የቆየ በደል ሲያነሣ፣ አርኪኖስ ሰውየውን ይዞ ወደ ምክር ቤቱ አቀረበው፣ ያለ ፍርድም እንዲገደል አስወሰነ። ከዚያ ወዲያ ያለፈውን ያነሣ አልተገኘም። ምሕረቱ የጸናው በሞት ፍርድ ነው። ይህን የሰማ ክፍል ምሕረት የሚለውን ቃል ሁለተኛ በቀላሉ አይጠራውም፤ ጨዋታውም ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው።

የዜግነቱ ክርክርም ጥሩ ነው፣ የታሪክ ማስረጃው ስለታም ነውና። ፎርሚሲዮስ የተባለ ሰው ዜግነት መሬት ላላቸው ብቻ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ቢጸድቅ 5,000 ያህል አቴናውያን ከሸንጎ ይወጡ ነበር። በሌላ በኩል ትራሲቡለስ ከፒሬየስ አብረውት ለተመለሱት ሁሉ ዜግነት እንዲሰጥ ጠየቀ፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ባሮች እንደነበሩ የታወቀ ነው። ያንንም ያስቆመው አርኪኖስ ነው፤ ሐሳቡ ሕግን ይጻረራል ብሎ ከሶ። እነዚህን ሁለት ሐሳቦች በወረቀት ጽፎ በየጎራው ማደል ክርክሩን ከ«ሁሉም ሰው እኩል ነው» ዓይነት የዘመናችን ንግግር ይመልሰዋል። ተማሪዎች ካልተያዙ ወደዚያ ነው የሚሸሹት፤ በ403 የተቀመጠ ሰው በማያውቀው ቃል ይከራከራሉ፣ ክፍሉም ያጨበጭብላቸዋል።

የበሰለው ይህ ነው፤ አሁን ወደሚሰበረው እንሂድ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበላሸው የጎራ የለሾቹ ቁጥር ነው። ሁለት ጎራ ተስማምቶ ድምፁን ከቆጠረና ግማሹን ማለፉን ካወቀ ንግግር ምን ያደርግለታል? ተናጋሪው ቢናገርም ባይናገርም ውጤቱ በኪሱ ነው። ስለዚህ ከክፍሉ ቢያንስ ሲሶው ጎራ የለሽ ይሁን። 24 ተማሪ ካለ 8 ጎራ የለሽ፣ 16ቱ ደግሞ ለአራቱ ጎራዎች አራት አራት። ተማሪ ሲቀር መጀመሪያ ከጎራ እንጂ ከጎራ የለሾቹ አይቀነስ። ጎራ የለሾቹም ሥራ ፈት ሆነው እንዳይቀመጡ በየስብሰባው ቢያንስ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ይዘው ይምጡ፤ ድምፅ ከሰጡ በኋላም የትኛው ማስረጃ እንዳሳመናቸው በሁለት መስመር ጽፈው ያስረክቡ። ይህች ሁለት መስመር የማትናቅ ናት። ተናጋሪዎቹ ጓደኝነት ሳይሆን ማስረጃ እንደሚቆጠር የሚያውቁት በእርሷ ነው።

ሁለተኛው ችግር ንባብ ነው። ያላነበበ ተማሪ ንግግር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ድምፁ ይጮኻል እንጂ የሚጨበጥ የለውም። መጽሐፉ ከባድ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው የሶቅራጥስ ተከታዮች ሸክም ነው፣ ምክንያቱም መሣሪያቸው «ሪፐብሊክ» ነው። ይህን ጎራ ለደካማ አንባቢዎች ማደል ጎራውን መግደል ነው። በተጨማሪ አንድ የጊዜ ጣጣ አለ፦ «ሪፐብሊክ» የተጻፈው ከ403 በኋላ ነው። ጨዋታው ይህን እያወቀ ሐሳቡን ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ተማሪው ግን ካልተነገረው ሶቅራጥስ መጽሐፉን በእጁ ይዞ ሸንጎ የወጣ ይመስለዋል። ንባቡን ለማስያዝ ቀላሉ መንገድ እያንዳንዱ ንግግር ከጥንት ጽሑፍ ቢያንስ ሁለት ቦታ ገጽ ጠቅሶ እንዲጠቀም ማስገደድ ነው፤ ገጽ የሌለው ንግግር መድረክ አይውጣ።

ሦስተኛው አፈኞች ናቸው። በማንኛውም ክፍል አፍ ያለው ይቀድማል፤ ዝምተኛው ሚናውን እንደያዘ ወሩ ያልቃል። እዚህ ላይ ከታሪኩ የሚገኝ መሣሪያ አለ፤ የውሃ ሰዓት። በአቴንስ የገበያ አደባባይ ቁፋሮ የተገኘው የሸክላ ዕቃ 6.4 ሊትር ገደማ ይይዝ ነበር፣ ውሃውም ከታች ባለው ቀዳዳ ወርዶ ለማለቅ 6 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በክፍል ውስጥ ለመሥራት 2 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አንድ ባልዲና ከወለል ከፍ ያለ ማስቀመጫ ይበቃል። ከጠርሙሱ ጎን፣ ከታች ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በጋለ ሚስማር ክብ ቀዳዳ ይበሳል። 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ሙሉውን ውሃ በ2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ያወርዳል፤ 3 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 6 ወይም 7 ደቂቃ ይደርሳል። ክዳኑ ክፍት ይሁን፤ አለበለዚያ አየር ስለማይገባ ውሃው እየተንተባተበ ይቆማል። ቀዳዳው ጠርዙ ከተንጨበረረ ፍሰቱ ይዛባል፣ ስለዚህ ከመጠቀም በፊት ሦስት ጊዜ በሰዓት ይለካ። አንድ ነገር ልብ ይባል፦ ውሃው ሲጎድል ግፊቱ ስለሚቀንስ መጨረሻ ላይ ፍሰቱ ይዘገያል። «ግማሹ ወርዷል፣ ግማሽ ጊዜ አለኝ» ያለ ተናጋሪ ከዚያ በላይ ቀርቶታል፤ ከጊዜው ከሲሶ ያነሰ ብቻ ነው ያለፈው። ጽሑፍ ሲነበብ ወይም ምስክር ሲሰማ ቀዳዳው በጣት ይደፈን፤ በአቴንስ ፍርድ ቤትም የግል ክስ ላይ ሰነድ ሲነበብ ውሃው ይያዝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር የውሃ ሰዓት የፍርድ ቤት ዕቃ ነው፤ በሸንጎው ተናጋሪ በውሃ አይለካም ነበር። እዚያ ሰልቺውን የሚያወርደው የሕዝቡ ጩኸት ነው። ቢሆንም 45 ደቂቃ ባለው ክፍል ሸንጎውንም በውሃ መለካት ግድ ይላል። ለተማሪዎቹ ልዩነቱን ነግሮ ማድረግ ነው እንጂ ጥንትም እንዲህ ነበር ብሎ ማለፍ አይገባም።

ዕጣውም እንዲሁ ይሠራ። መምህሩ «ዛሬ አንተ ምራ» ካለ የአቴንስ ዴሞክራሲ ዋና አጥንቱ ወጥቷል። ስሞች በወረቀት ተጽፈው ከዕቃ ይውጡ፤ አንዴ የመራ ሰው ስሙ አይመለስ፤ በጥንቱ ሥርዓትም የዕለቱ መሪነት ለአንድ ሰው በዕድሜው ከአንድ ጊዜ በላይ አይደርሰውም ነበር። ከክፍሉ ፈሪው ተማሪ ዕጣ ሲወጣለት መምህሩ ሊያድነው ይፈተናል። አያድነው። ሶቅራጥሳውያን ሥርዓቱን የሚነቅፉት፣ ዴሞክራቶቹም የሚኮሩበት እዚያች ደቂቃ ላይ ነው፤ ከጎኑ የሚያስታውሰው አንድ ጸሐፊ ማስቀመጥ ግን ይቻላል፣ ጥንትም ነበርና።

የሶቅራጥስ ክስ ከተነሣ ደግሞ አንድ ነገር መስተካከል አለበት። በታሪክ ሶቅራጥስ የተከሰሰው በ399፣ ከምሕረቱ አራት ዓመት ያህል በኋላ፣ የከተማዋን አማልክት ባለማክበርና ወጣቶችን በማበላሸት ነው። ጨዋታው ጊዜውን ያጥፈዋል። ይህ መታጠፍ ተማሪዎች ክሱን በቀጥታ «የክሪቲያስ አስተማሪ ነበር» ብለው እንዲያነሡ ያደርጋል፤ ምሕረቱ ከጸደቀ ግን እንዲህ ያለ ክስ ሊቀርብ አይገባም። ስለዚህ መምህሩ የሸንጎውን የቀደመ ውሳኔ በትልቅ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፤ ከሳሾቹ በራሳቸው መሐላ ይያዙ። ከዚያ በኋላ የሚፈጥሩት ዙሪያ ጥምጥም ከታሪካዊው ክስ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ማየት ያስደስታል። ውጤቱ ሲነገር ፕላቶ የሶቅራጥስን የፍርድ ቤት መከላከያ በሚያቀርበው በ«አፖሎጂ» የጻፈው ይጠቀስ፦ ሠላሳ ድምፅ ብቻ ቢዞር ሶቅራጥስ ነጻ ይወጣ ነበር።

ውጤት አሰጣጡ ላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። ማሸነፍ ከጠቅላላው ውጤት ከ5 በመቶ በላይ ከያዘ ተማሪዎች ማንበቡን ትተው ድምፅ መሸጥና መግዛት ይጀምራሉ፤ ምንም ካልያዘ ደግሞ በግድ የለሽነት ይጫወታሉ። ትንሽ ጉርሻ ይበቃል። የቀረው በንግግር፣ በጽሑፍና በመዝጊያው ውይይት ይሰጥ። ለመዝጊያው ውይይት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይተውለት፤ ከዚያ ያነሰ ቢተው ተማሪው ክፍሉ የወሰነውን ከታሪኩ ጋር አምታቶ ይወጣል። የሚሻለው አሠራር በሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ ማስመር ነው፤ በአንዱ ክፍሉ የወሰነው፣ በሌላው በ403 የተወሰነው፣ ልዩነት ባለበት ቦታ ሁሉ ደግሞ «እነርሱ ያዩት እኛ ያላየነው ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ።

ጨዋታው የማይነካው ትልቅ ነገር አለ። ሸንጎው የወንዶች ነበር፤ ሴቶችና ባሮች ስለነርሱ ሲወሰን በውስጡ አይታዩም። ይህን ለመሙላት ተማሪን ባሪያ አድርጎ ማጫወት ከሁሉም የከፋ መፍትሔ ነው፤ ሌላውን ሰው መግዛትንና መገዛትን በሳቅ የሚሸፍን ጨዋታ ታሪክ አያስተምርም፣ ልጅንም ይጎዳል። የሚሻለው በየስብሰባው መጨረሻ አንድ ተማሪ ሚናውን አውልቆ፣ የዛሬው ውሳኔ እዚህ ድምፅ ለሌላቸው ምን ማለት እንደሆነ ከጥንት ጽሑፍ ተነሥቶ በሁለት ደቂቃ እንዲናገር ነው።

ሁለተኛው ዕቃ የቪዲዮ ጨዋታ አምራቹ ዩቢሶፍት ከ«አሳሲንስ ክሪድ» ጨዋታዎቹ ቀንሶ ያወጣው «ዲስከቨሪ ቱር» ነው፤ የግብፁ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የግሪኩ በ2019 ወጣ። ውጊያው ከነተልዕኮው ተነሥቶ፣ ተማሪው በጥንቱ ከተማ እየተዘዋወረ የሚመራ ጉብኝት ይከተላል። የግብፁ 75 ጉብኝቶች አሉት፤ የግሪኩ 30፣ በመጨረሻቸውም አጭር ጥያቄ ይቀርባል። ዓይንን በእውነት ይሞላል፤ የአክሮፖሊስን ከፍታ፣ የመቅደስን ቀለም በቃል ለማስረዳት ከመድከም አንዱን ጉብኝት ማሳየት ይሻላል። በመነሻችን ሚዛን ሲመዘን ግን ቀላል ነው፤ ተማሪው የሚያጣው ነገር የለም፣ ስለዚህ የሚጨነቅበትም የለም። ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ አንዱ እየነዳ ሌሎቹ በትልቅ ስክሪን ሲያዩ ደግሞ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ክፍሉ ይበተናል። ዋናው ጉድለቱ ሌላ ነው፦ በቁፋሮ የተገኘውና በሠዓሊ የተሞላው ግድግዳ እኩል ያበራሉ። ስለዚህ ብቻውን ትምህርት አይሁን፤ ለአቴንሱ ጨዋታ መግቢያ፣ የሚና ወረቀት ከመታደሉ በፊት፣ አንድ ጉብኝት ይታይ፤ ተማሪዎቹም ካዩት መካከል ማስረጃ ያለው የትኛው እንደሆነ ሦስት ነገር መርጠው ያጣሩ።

አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ላለው መምህር የምንመክረው ሦስተኛውን ነው፤ የናይል ሙላት ጨዋታ። መነሻው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ የጻፈው ነው፦ ውሃው 12 ክንድ ሲሆን ግብፅ ትራባለች፣ በ13 ገና ይርባታል፣ በ14 ትደሰታለች፣ በ15 ትተማመናለች፣ በ16 ትፈነጥዛለች። እርሱ እስከሚያውቀው ድረስ ትልቁ ሙላት 18 ክንድ ነበር፤ ከመጠን ያለፈ ውሃ ቶሎ ስለማይሸሽ የዘር ጊዜ ያሳልፋል።

ክፍሉ ከአራት እስከ አምስት ሰው ባለባቸው መንደሮች ይከፈል። እያንዳንዱ መንደር በጎተራው 10 መስፈሪያ እህል ይዞ ይጀምራል፤ ባቄላ ወይም የወረቀት ቁራጭ ይሆናል። በየዓመቱ 6 ለምግብ፣ 2 ለዘር፣ 2 ለግብር ይወጣል። ሁለት ዳይስ ይጣላል፤ ድምሩ 2 ወይም 3 ከሆነ ውሃው 12 ክንድ ነው፣ ምርቱም 3 መስፈሪያ። 4 ወይም 5 ከሆነ 13 ክንድ፣ ምርት 7። 6 ወይም 7 ከሆነ 14 ክንድ፣ ምርት 10። 8 ከሆነ 15 ክንድ፣ ምርት 12። 9 ወይም 10 ከሆነ 16 ክንድ፣ ምርት 14። 11 ወይም 12 ከሆነ 18 ክንድ፣ ምርት 5። በአማካይ ምርቱ ወደ 9 ተኩል ይመጣል፣ ወጪው ግን 10 ነው፤ ይህ ጉድለት ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው። ምግብ የጎደለው መንደር ወይ ዘሩን ይበላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ምርቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ወይም በጎደለው መስፈሪያ ልክ ቤተሰብ ይሰደድበታል፣ ከዚያ በኋላ ለያንዳንዱ ቤተሰብ ምግቡም ምርቱም በአንድ ይቀንሳል። ገበሬ መሬቱን ጥሎ መሸሽ በግሪኮችና በሮማውያን ዘመን ግብፅ በፓፒረስ የተመዘገበ ነገር ነው። ዘሩን እንብላ ወይስ እናስቀምጥ የሚለው ክርክር በየመንደሩ ሲነሣ ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ።

የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መንደሮቹ ዳይስ ለየብቻ ከጣሉ ትምህርቱ ይጠፋል። ናይል አንድ ነው። አንዴ ተጥሎ ለሁሉም ይሠራል፤ በረሃብ ዓመት ጎረቤትም ተርቧልና የሚያበድር አይገኝም። ልዩነት እንዲኖር ከተፈለገ ግማሾቹ ከፍ ባለ መሬት ይቀመጡ፦ በ12 እና በ13 ክንድ ምርታቸው በ2 ይቀንስ፣ በ18 ግን 12 ያምርቱ። ሁለተኛ፣ መምህሩ ግብር መሰብሰቡን ከረሳ መንግሥት ከጨዋታው ይወጣል። ግብር ሰብሳቢ አንድ ተማሪ ይሁን፣ የሰበሰበውንም በየዓመቱ ይመዝግብ።

ጨዋታው አሥር ዓመት ይሂድ፣ ለአንዱ 3 ደቂቃ። ከአምስተኛው ዓመት በኋላ የግብር ሕጉ ይቀየር፦ በ12 ክንድ ምንም፣ በ13 አንድ፣ በ14 ሁለት፣ በ15 እና በ16 ሦስት፣ በ18 አንድ። ይህ በናይል ውስጥ ባለችው ኤለፋንታይን ደሴት ላይ የነበረው የውሃ መለኪያ ምን ያደርግ እንደነበር ያሳያል፤ የጥንቱ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦ ልኬቱ ለገበሬው ለውሃው፣ ለሹማምንቱ ለገቢው ይጠቅም እንደነበር፣ ሙላቱ ከፍ ሲል ገቢውም ከፍ እንደሚል ጽፏል። አማካዩ ሲሠላ አዲሱ ግብር በዓመት 1.9 ገደማ ነው፣ የቀድሞው 2፤ መንግሥት ያጣው ከምንም አይቆጠርም። ግን አምስት ዓመት አጭር ነው፣ ዳይሱም ሊያዳላ ይችላል፤ መጨረሻዎቹ ዓመታት ጥሩ ከመጡ ተማሪው ሕጉን ያመሰግናል፣ ሥራው ግን የውሃው ነበር። ስለዚህ በቀሩት 15 ደቂቃዎች እያንዳንዱ መንደር መጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት፣ በወጣው በዚያው ውሃ፣ በአዲሱ ግብር እንደገና በወረቀት ያስላቸው፤ ግብር ሰብሳቢውም እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይለጠፉ፣ ስንት ቤተሰብ በየትኛው እንደተሰደደ ይቆጠር።